ከባትሪው በፊት መለኪያው

አንባቢዎቼ ሆይ! ከእናንተ መካከል ተማሪ የሆነው በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ውስጥ ከሽቦና ከአምፑል ጋራ ሲታገል ይውላል፤ የመንግሥት ሥራ የያዘውም ከቢሮው ሲመለስ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያበራለትን ነገር በገዛ እጁ ለመሥራት ይሞክራል። ይህ የተመሰገነ ጠባይ ነው። እጁ ሥራ የለመደ ወጣት ለቤቱም ለአገሩም ተስፋ ነው። ታዲያ ዛሬ ከእነዚህ የእጅ ሥራዎች ውስጥ የማይጠፋ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ እርሱም ተመልሶ የሚሞላው የሊቲየም ባትሪ ነው። በዛሬው ዐምዳችን ስለዚሁ ዕቃ አመራረጥና አያያዝ እንነጋገራለን።

አባቶቻችን የሚያውቁት የባትሪ ድንጋይ ሌላ ነበር። ያ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንዳንዱም ሰው በጥርሱ ይነክሰዋል፤ ሬዲዮኑም የማታውን ዜና እስኪያሰማ ድረስ ነፍስ ይዘራል። ብዙ በደል የሚችል ዕቃ ነበር። ቢበላሽ እንኳ ፈሳሹ ወጥቶ የሬዲዮኑን ሆድ ያዝገዋል እንጂ ቤት አያቃጥልም። የዛሬው ችግር ዕቃው ተለውጦ ሳለ ልማዱ አለመለወጡ ነው። የሊቲየሙ ድንጋይ በመልኩ የቀድሞውን ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ፀሐይ ላይ ለሚያሰጣው፣ ለሚወጋው፣ ከልኩ በላይ ለሚሞላው ሰው ይቅርታ የለውም።

ምክንያቱን ለመረዳት የውስጡን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በቆርቆሮው ውስጥ እንደ ሰሌን የተጠቀለሉ ሁለት ስስ የብረት ወረቀቶች አሉ፤ አንደኛው መዳብ፣ ሁለተኛው አሉሚኒየም ነው። መዳቡ የከሰል ዘር በሆነው በግራፋይት ተቀብቷል፤ አሉሚኒየሙ ደግሞ ኮባልት ወይም ኒኬል ወይም ብረት ባለበት የሊቲየም ውሁድ ተቀብቷል። በመካከላቸው ከጠጉር የቀጠነ የፕላስቲክ መጋረጃ አለ። ይህ ሁሉ የራሰበት ፈሳሽ እንደ ቤንዚን የሚነድ ነው። ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙ መጋረጃውን አልፎ ወደ ግራፋይቱ ይሻገራል፤ ባትሪው ሲሠራ ተመልሶ ወደ ቦታው ይሄዳል። መጋረጃው የተወጋ፣ የተጨፈለቀ ወይም በሙቀት የቀለጠ እንደ ሆነ ግን ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ የተከማቸው ኀይል በአንድ ጊዜ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ ፈሳሹ ጋዝ ሆኖ ይወጣና ይነድዳል።

የኀይሉን መጠን በፊዚክስ ትምህርታችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው የተለመደው ክብ ድንጋይ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ 18650 የሚባለውም ስለዚህ ነው። ግፊቱ 3.6 ቮልት፣ የሚይዘው 2.5 አምፔር ሰዓት ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 9 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም 32,400 ጁል ነው። ይህ በአዲስ አበባ ከፍታ 100 ግራም ያህል ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ ሲኒ ውሃ ከነትርፉ የሚያፈላ ኀይል በአውራ ጣታችሁ ልክ በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጓል ማለት ነው። የፈሳሹ መቃጠል የሚጨምረው ሙቀት ገና አልተቆጠረም።

ይህን ኀይል የገሩት ሊቃውንትም በቀላሉ አልገሩትም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም ከንጹሕ ሊቲየም ባትሪ ሲሠራ እሳት ከመብዛቱ የተነሣ፣ እሳት አጥፊዎቹ ለማጥፊያው ልዩ መድኀኒት ዋጋ እናስከፍላለን ብለው እስከ መዛት ደርሰው ነበር። በ1980 ጆን ጉዲናፍ የኮባልት ኦክሳይዱን አገኘ። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ደግሞ በ1985 ንጹሑን ሊቲየም አስወጥቶ በምትኩ ከከሰል ዘር የተሠራ ነገር አገባ፤ ባትሪውንም ለመፈተን ከባድ ብረት ጣለበት። የእርሱ ባትሪ ዝም አለ፤ ንጹሕ ሊቲየም ያለበት ግን በኀይል ፈነዳ። በ1991 ሶኒ ለገበያ ያቀረበው ዘር ይህ ነው። ሦስቱ ሊቃውንት በ2019 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ባትሪው በእጃችን የገባው ሰዎች እየመቱና እየለኩ ልኩን ስላወቁለት መሆኑን ነው። እኛም ከልኩ ያወጣነው እንደ ሆነ እነርሱ የለፉበትን ጥበቃ እናፈርሳለን።

ስለዚሁ ነገር የአገራችን አየር መንገድ ስም የሚነሣበት ሁለት ታሪክ አለ። በ2005 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ የሊቲየም ባትሪ በመቃጠሉ ቦይንግ 787 የተባለው አውሮፕላን በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገደ። መሐንዲሶቹ ባትሪውን አልጣሉትም። በድንጋዮቹ መካከል ሙቀት የሚከላከል ነገር አደረጉ፤ የሚሞላበትንና የሚወርድበትን ልክ አጠበቡ፤ በብረት ሣጥን ዘጉት፤ ጋዙ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ አበጁለት። ከዚያ በኋላ መንገደኛ ጭኖ መጀመሪያ የበረረው 787 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፣ በሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሄደ።

ሁለተኛው ታሪክ በዚያው ዓመት ሐምሌ 5 ቀን ሆነ። የዚሁ አየር መንገድ 787 በለንደን ሂዝሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ በጅራቱ በኩል ከጣራው ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱን የተነሣው አውሮፕላኑ በአደጋ ጊዜ ያለበትን ቦታ ከሚያስታውቀው ትንሽ መሣሪያ ባትሪ መሆኑን ገለጡ። ይህ ባትሪ ተመልሶ የማይሞላ የሊቲየም ዘር ነበር። ሽቦዎቹ ከመክደኛው ሥር ተቆላልፈውና ተጨፍልቀው ስለ ተገኙ፣ ኮንታክት የፈጠሩት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ያን የሚያህል አውሮፕላን በአንድ የተጨፈለቀ ሽቦ ተጐዳ። እናንተም የመብራታችሁን ሣጥን ክዳን ስትገጥሙ ከሥሩ ሽቦ አለመቆንጠጡን ማየት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ባትሪው ሳይሆን ቴስተር የሚባለው የቮልት መለኪያ ነው። ዋጋው ከጥቂት ድንጋዮች ዋጋ አይበልጥም። ደመወዙ ለማይበቃውም ሆነ ኪሱ ባዶ ለሆነው ተማሪ ሦስት አራት ሆኖ በማኅበር መግዛት ይቻላል። መለኪያ የሌለው ሰው ሊቲየም መንካት የለበትም፤ ምክንያቱም ይህ ድንጋይ ጤነኛም ሆነ ታማሚ፣ ሙሉም ሆነ ባዶ፣ ለዐይን አንድ ነው።

ቀጥሎ በጽሑፉ አትታለሉ። አንድ ተማሪዬ 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል የታተመበት 18650 ድንጋይ በኩራት ይዞልኝ መጥቶ ነበር። በዚህ መጠን ተሠርተው በገበያ ከሚገኙት ደኅና ድንጋዮች አብዛኞቹ የሚይዙት ከ3,500 እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ 5,000 ወይም 9,900 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ስለ ባትሪው ብዛት ሳይሆን ስለ ሻጩ ውሸት ይረዳል። በቁጥሩ የዋሸም በጥራቱ አይታመንም። ሚዛንም ይመሰክራል፤ ደኅናው ድንጋይ ወደ 45 ግራም ይመዝናል፤ በጣም የቀለለው ውስጡ ጐዶሎ ነው።

ገና ጀማሪ የሆናችሁና ለጠረጴዛ መብራት ወይም ለሬዲዮ የምትፈልጉት ደግሞ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን ዘር ብትመርጡ ይሻላችኋል። ግፊቱ 3.2 ቮልት ነው፤ በክብደቱ ልክ የሚይዘው ኀይልም ከሌላው ያንሳል፤ ነገር ግን ሙቀትን ይበልጥ ይታገሣል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። የሚሞላው እስከ 3.65 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ለድሮን የሚሸጠው፣ በስስ ከረጢት ያለው ጠፍጣፋ ባትሪ የብረት ልብስ የለውም፤ ጥፍርና መቀስ ይጐዳዋል። ጠንካራ ሣጥን ያላዘጋጀ ሰው አይግዛው።

ብዙዎቻችሁ ግን አዲስ አትገዙም፤ ከሞተ ላፕቶፕ ውስጥ ድንጋይ ታወጣላችሁ። ይህን አልነቅፍም። የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ ከስድስቱ ድንጋዮች የደከሙት አንድ ሁለቱ ናቸው፤ የቀሩት ገና ይሠራሉ። ነገር ግን እነዚህ ያለ ፈተና አይታለፉም። መጀመሪያ በዐይን እዩ፤ የተጨፈለቀ፣ የዛገ፣ ያበጠ፣ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ከሆነ ተዉት። ሁለተኛ ለኩ፤ ከ2.5 ቮልት በላይ ያለው ይፈተናል፤ ከ2 ቮልት በታች የወረደው ግን ተመልሶ ቢሞላ እንኳ አይታመንም። እስከዚያ ድረስ የወረደ እንደ ሆነ የውስጡ መዳብ በፈሳሹ ይሟሟል፤ ሲሞላም መዳቡ ባልሆነ ቦታ ተመልሶ ይረጋና ሁለቱን ወገኖች ያገናኛል። የአባቶቻችን ድንጋይ ነፍስ ቢዘራ ደስታ ነበር፤ የዚህኛው ትንሣኤ ግን አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ ያለፈውን ድንጋይ አጠገቡ ሆናችሁ ሙሉት፤ እጅ የሚያሞቅ ከሆነ ይወገድ። አራተኛ፣ ከሞላ በኋላ ሁለት ሳምንት አስቀምጡትና እንደ ገና ለኩት፤ ከ4.2 ተነሥቶ ከ4 ቮልት በታች የወረደው በውስጡ የሚያፈስ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያቃተው ሰው በኋላ የሚለቅመው አመድ እንዳይሆን ያስብበት።

ስለ አሞላሉም የሚከበሩ ልኮች አሉ። የተለመደው ሊቲየም ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ሲያልቅ 3 ቮልት ገደማ ነው። መሙያው መጀመሪያ የአምፔሩን መጠን ይጠብቃል፤ 4.2 ሲደርስ ቮልቱን አቁሞ አምፔሩ እስኪቀንስ ይጠብቃል፤ ከዚያም ይዘጋል። ስለዚህ የሞባይል ቻርጀር ሽቦን ቈርጦ 5 ቮልቱን በቀጥታ ከድንጋዩ ጋራ ማገናኘት ራስን ለእሳት መስጠት ነው። ለዚህ ሥራ ቲፒ 4056 የምትባለው ትንሽ ሰሌዳ በርካሽ ትገኛለች። መከላከያ ያላትን ግዙ፤ ለባትሪውና ለሥራው መስመር የተለያየ ማገናኛ ስላላት ትለያላችሁ። ሰሌዳዋ ከፋብሪካ ስትወጣ በ1 አምፔር እንድትሞላ ሆና ነው። ይህ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚይዝ ድንጋይ ይስማማል፤ 150 ብቻ ለሚይዝ ለትንሽ ጠፍጣፋ ባትሪ ግን ሕፃንን በባልዲ ውሃ እንደ ማጠጣት ያለ ነው። የሰሌዳዋን 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ10 ኪሎ ኦም ብትለውጡ ወደ 130 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። የሚሞላበትም ስፍራ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ከዜሮም እንዳይወርድ ያስፈልጋል፤ ቆላ አገር ያላችሁ ከቆርቆሮ ጣራ ሥርና ከተዘጋ መኪና ተጠንቀቁ።

ሁለት ድንጋይ ለማጣመር የምትፈልጉ ደግሞ ሒሳቡን አስቀድሙ። ጐን ለጐን ስታያይዙ ግፊታቸው እኩል ይሁን። አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.3 ቮልት ቢሆን፣ የሁለቱም የውስጥ ተቃውሞ በድምሩ 0.1 ኦም ብንል፣ ገና እንደ ተነካኩ ከአንዱ ወደ አንዱ 8 አምፔር ይፈስሳል። አከታትላችሁ ስታያይዙ ደግሞ አደጋው ስውር ነው። ጠቅላላው 8.4 ቮልት ሲሆን ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ 3.9፣ ሌላው 4.5 ሆኖ ድምሩ ያው 8.4 ሊመጣ ይችላል። ድምሩ ደኅና ሲሆን አንዱ እየጋየ ነው። ስለዚህ ለተከታታይ ድንጋይ እያንዳንዱን ለይቶ የሚጠብቅና የሚያስተካክል ሰሌዳ የግድ ነው። ይህን እስክትለምዱ ድረስ በአንድ ድንጋይ ብቻ ሥሩ።

የድንጋዩ ጐኑና ታቹ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ ከላይ ያለችው ቁልፍ ብቻ ናት። የሚለያቸው ስስ ፕላስቲክና አንዲት የወረቀት ቀለበት ስለ ሆኑ፣ ልብሱ የተቀደደ ድንጋይ ሳይለበስ አይሠራበት። የአንዱ ድንጋይ የውስጥ ተቃውሞ 0.05 ኦም ቢሆን፣ በኦም ሕግ 4.2 ለ0.05 ሲካፈል 84 አምፔር ይሆናል። እንግዲህ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋራ በኪስ የተያዘ ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ከፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ አግቡ። ሽቦውንም በካውያ በድንጋዩ ላይ አትበይዱ፤ ሙቀቱ መጋረጃውን ይጐዳዋል። የፕላስቲክ ማቀፊያ ይገኛል፤ ድንጋዩን በርሱ ውስጥ አስገብታችሁ ብየዳውን በማቀፊያው እግር ላይ አድርጉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሚሞላበት ቦታ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። አልጋው፣ መጽሐፉ፣ ልብሱ፣ የምግብ ዕቃው በአንድነት ነው፤ ግድግዳው ከጎረቤት ጋራ የጋራ ነው፤ በሩም አንድ ነው። ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ከአልጋው ራስጌ ስለ ሆነ ባትሪው ማታ ፍራሽ ላይ ተደርጎ ይሰካል፤ ሰውም ይተኛል። እሳት ቢነሣ የሚቃጠለው የሠሪው ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የተኛው ታናሽ ወንድሙ፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉት አሮጊት፣ የግቢው ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት፣ በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ላይ፣ ከጨርቅና ከወረቀት ራቅ አድርጋችሁ፣ በሩን በማይዘጋ ስፍራ ሙሉ። ስትወጡና ስትተኙ ንቀሉ። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡትን 3.8 ቮልት ገደማ አድርጋችሁ፣ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍናችሁ፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ አኑሩት። ያበጠውን አትውጉት፣ አትጫኑት፣ አትሙሉት፤ አሸዋ ባለበት ጣሳ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ አስቀምጡት። ከቆሻሻ ጋራ በጉድጓድ ማቃጠልማ ፈጽሞ አይሆንም።

ያን ሁሉ አልፎ ድንጋዩ ማፏጨትና መጨስ የጀመረ እንደ ሆነ ሰዎቹን አስቀድማችሁ አስወጡ፤ ጭሱ መርዝ ስላለበት ለማዳን ብላችሁ አትተንፍሱት። የምትደርሱበት ከሆነ መስመሩን ከቈጣሪው አጥፉ። መብራቱ ከተቋረጠ በኋላ ለትንሽ ባትሪ የሚጠቅመው ብዙ ውሃ ነው፤ ጥቅሙም ማቀዝቀዙ ነው። አሸዋ ወደ ሌላ ዕቃ እንዳይዛመት ይከለክላል እንጂ የውስጡን ሙቀት አያበርድም። ጠፋ ብላችሁም ወዲያው አታንሡት፤ ተመልሶ ሊነድ ይችላል። እሳቱ ከድንጋዩ አልፎ ቤቱን ከያዘ ሥራው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው፤ እናንተ ውጡና ጥሩ።

ይህን ያነበቡ አንዳንድ ወላጆች «እንግዲያው ልጄ ይህን ነገር አይንካ» ይሉ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባትሪው በስልካችንም፣ በፓወር ባንኩም፣ በፀሐይ መብራቱም ውስጥ አብሮን ይኖራል፤ ከቤታችን አይወጣም። ልጁን ከባትሪ ብናርቀው ባለማወቁ እንደ ታሰረ ይቀራል፤ ልኩን ብናስተምረው ግን ያበጠውን የእናቱን ስልክ አይቶ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ እርሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአገራችን አባባል ለዚህ ዕቃ የተነገረ ይመስላል። ቅጠሉም ቴስተሩ፣ ፊውዙ፣ ሁለት ሳምንት መታገሡ ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በዚህ ወር መጨረሻ ከደመወዛችሁም ሆነ ከኪስ ገንዘባችሁ ጥቂት የተረፋችሁ እንደ ሆነ ድንጋዩን ለጊዜው ተዉትና መለኪያውን ግዙ። በቤታችሁ ያለውን የባትሪ ድንጋይ ሁሉ እየለካችሁ በደብተር ጻፉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግማችሁ ለኩና አነጻጽሩ። የሚሠራበትንና የሚጣለውን ያን ጊዜ ራሳችሁ ትለያላችሁ።